በቤት ውስጥ ስለሚተከለው ድራሴና አያያዝ፤ ስለ ውኃውም

በአገራችን የበዓል ዕለት ሲደርስ ቤቱ ይጠረጋል፤ ቄጠማም ይጎዘጎዛል። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጤስ፣ የቄጠማው ሽታ ከሁሉ ጋር ተደባልቆ ቤቱን የበዓል ቤት ያደርገዋል። ለምለም ነገር በቤት ውስጥ መኖሩ ዐይንን እንደሚያሳርፍ፣ እንግዳንም እንደሚያከብር እናቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያወቁት ነገር ነው። ዳሩ ግን ቄጠማ ታጭዶ የሚመጣ ስለ ሆነ በማግሥቱ ይጠወልጋል፤ ከዚያም ተጠርጎ ይወጣል። ሥሩን ይዞ ከቤተ ሰቡ ጋር ከዓመት እስከ ዓመት የሚኖር ለምለም ነገር የፈለገ ሰው በዕቃ የተተከለ ተክል ወደ ቤቱ ያስገባል።

ዛሬ በከተሞቻችን እንዲህ ያለው ተክል በብዙ ቤት ይታያል። ግቢ የሌለው፣ በፎቅ ላይ በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ቤተ ሰብ እንኳ በሳሎኑ ማዕዘን አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ያኖራል። ይሁን እንጂ ከችግኝ ሻጭ ዘንድ አምሮ የመጣው ተክል ከጥቂት ወራት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱ ለስልሶ፣ በመጨረሻም ተነቅሎ ሲጣል ይታያል። የሚያስገርመውም ነገር ይህ ጥፋት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከቸልተኝነት ሳይሆን ከመጠን ካለፈ እንክብካቤ መሆኑ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለልብስ ብቻ አይደለም፤ ለተክልም ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከቤት ውስጥ ተክሎች መካከል ድራሴና የሚባለውን መርጠን አያያዙን እንገልጻለን። የመረጥነውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ተክሉ ጠንካራና ታጋሽ ስለ ሆነ ለጀማሪ የሚስማማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የቅጠሉ ጫፍ ስለ ቤታችን ውኃ እንድንጠይቅ የሚያሳስበን መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ከተክሉ ይልቅ ልጆቻችንን የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ውድ አንባቢዎቻችን እስከ መጨረሻው እንዲከተሉን እናሳስባለን።

የተክሉ ስምና አገር

ድራሴና ብዙ ዓይነት አለው። እኛ አሁን የምንናገርለት የዕፅዋት ሊቃውንት «ድራሴና ፍራግራንስ» ብለው የሰየሙትን ነው። ቅጠሉ ረጅምና ሰፊ፣ ወደ ታች የሚቀለበስ፣ የበቆሎ ቅጠል የሚመስል በመሆኑ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የበቆሎ ተክል» ይሉታል፤ ነገር ግን ከበቆሎ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው «ማሳንጂያና» የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ በአረንጓዴው ቅጠል መካከል ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚዘልቅ ቢጫ መስመር አለበት።

«ድራሴና» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም ሴት ዘንዶ ማለት ነው። ከዘመዶቹ አንዳንዱ ሲበጣ «የዘንዶ ደም» የሚባል ቀይ ሙጫ ያወጣል። «ፍራግራንስ» ማለት ደግሞ በላቲን መልካም መዓዛ ያለው ማለት ነው፤ በዱር ሲያብብ አበባው በተለይ በሌሊት እጅግ ስለሚሸት ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1762 ይህን ተክል በሌላ ወገን ስም መዝግቦት ነበር፤ ወደ ድራሴና ወገን የተዛወረው በ1808 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የትውልድ አገሩም ሩቅ አይደለም፤ ከሱዳን ጀምሮ እስከ ሞዛምቢክ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ኮት ዲቯር ድረስ በአፍሪካ ደኖች ይበቅላል። በእኛም አገር በደቡብ ምዕራብ ባሉት እርጥብ ደኖች ውስጥ ይገኛል። በዱር ሲያድግ እስከ 15 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በቤት ግን ከሰው ቁመት እምብዛም አያልፍም። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ የሚኖሩት የቻጋ ሕዝቦች «ማሳሌ» ይሉታል፤ በእርሻቸው ወሰን ላይም ይተክሉታል። በእነርሱ ዘንድ የበደለ ሰው የማሳሌ ቅጠል ይዞ ወደ ተበደለው ቤት ሲሄድ ይቅርታ መለመኑ ይታወቅለታል፤ ቅጠሉን ይዞ የመጣውን ሰው መመለስም እንደ ነውር ይቆጠራል።

ይህ የአፍሪካ ተክል በዛሬው ጊዜ በዓለም ሁሉ ተበትኗል። ለአውሮጳና ለአሜሪካ ቤቶች የሚሸጠው ግንድ በብዛት የሚቆረጠው በመካከለኛው አሜሪካ በኮስታ ሪካ እርሻዎች ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ወገናችን ከሱቅ ገዝቶ በመስኮቱ አጠገብ የሚያኖረው ድራሴና ዘሩ ከዚሁ ከአህጉራችን የወጣ ነው።

የተክሉን አገር ማወቅ ለአያያዙ መሠረት ነው። ድራሴና በደን ውስጥ የሚያድገው ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ብርሃን በቅጠል መካከል ተጣርቶ ይደርሰዋል፤ አፈሩ በበሰበሰ ቅጠል የዳበረ፣ ውኃም የማይተኛበት ነው፤ ውርጭም አያውቅም። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ይህንኑ ኑሮ በሳሎን ውስጥ ለማስመሰል የሚደረግ ጥረት ነው።

ብርሃንና ስፍራ

ድራሴና ብርሃን ይወዳል፤ ነገር ግን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ቅጠሉ ይነጣል፤ ቀጥሎም ይቃጠላል። ለዚህ የሚሻለው የጧት ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ የሚያገኘው በምሥራቅ መስኮት አጠገብ ያለ ስፍራ፣ ወይም ከሌላ መስኮት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ፈንጠር ያለ ቦታ ነው። በአገራችን በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በክረምት ጥላ የነበረው የደቡብ መስኮት በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ይገባበታል። ስለዚህ በሐምሌ ተስማምቶት የነበረው ስፍራ በታኅሣሥ ሊያቃጥለው ይችላልና በየወቅቱ መመልከት ያስፈልጋል። ስስ መጋረጃ መጋረድም ይበቃል።

በጨለማ ማዕዘን ቢቀመጥ ወዲያው አይሞትም፤ ታጋሽ ነው ያልነው ስለዚህ ነው። ነገር ግን እድገቱ ይቆማል፤ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ይቀጥናሉ፤ በቅጠሉ መካከል ያለው ቢጫ መስመርም እየደበዘዘ ይሄዳል። መስመሩ ሲጠፋ ተክሉ ብርሃን እንዳነሰው መረዳት ይገባል።

ስለ ሙቀትም፣ ሰው ሳይበርደውና ሳይሞቀው የሚቀመጥበት ቤት ለእርሱም ይስማማዋል፤ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ የመስኮቱም መስተዋት ይቀዘቅዛልና በነዚህ ወራት ቅጠሉ መስተዋት እንዳይነካ ራቅ አድርጎ ማኖር ያሻል። ከምድጃና ከከሰል ማንደጃ አጠገብም ማኖር አይገባም፤ ደረቅ ሙቀት ጫፉን ያደርቀዋል።

የመትከያው ዕቃና አፈሩ

ዕቃው የሸክላም ሆነ የፕላስቲክ፣ ወይም ከቤት የተረፈ ጣሳ ቢሆን አይከለከልም፤ ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ግን ፈጽሞ አይሆንም። የተክል ሥር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። ውኃ መውጫ አጥቶ ሲተኛበት አየሩ ይወጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ሥሩ ሲበሰብስ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል፤ ባለ ቤቱም የተጠማ መስሎት ተጨማሪ ውኃ ያጠጣዋል። ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው። ባለ ጌጥ ዕቃ ተገዝቶ ቀዳዳ ከሌለው፣ ተክሉን ቀዳዳ ባለው ተራ ዕቃ ተክሎ በውስጡ ማስቀመጥ፣ ከተጠጣ በኋላም የተጠራቀመውን ውኃ መድፋት ነው። የሸክላ ዕቃ በጎኑ ስለሚተነፍስ አፈሩን ቶሎ ያደርቃል፤ የፕላስቲክ ዕቃ ግን እርጥበቱን ያቆያል። ውኃ ማብዛት ልማዱ የሆነ ቤት ሸክላን ቢመርጥ ይሻለዋል።

አፈሩን በተመለከተ፣ በብዙ ግቢ የሚገኘው ጥቁር መረሬ ብቻውን ለዚህ ተክል አይስማማም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ሁለት እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ አንድ እጅ፣ ሻካራ የወንዝ አሸዋ አንድ እጅ አደባልቆ መትከል መልካም ነው። ያልበሰበሰ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። ሥሩ ዕቃውን ሞልቶ በቀዳዳው ብቅ ሲል፣ ይኸውም በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ሰፋ ወዳለ ዕቃ ማዛወር ይገባል። በአንድ ጊዜ እጅግ ሰፊ ወደ ሆነ ዕቃ ማዛወር አይጠቅምም፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥበት ይዞ ይቆያልና።

ስለ ውኃ መጠን

«በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቅ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ግን በቀን ቁጥር የሚሰጥ አይደለም። ጣትን ወደ አፈሩ እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ማስገባት ነው። እስከዚያ ድረስ ደርቆ ከተገኘ ይጠጣል፤ እርጥበት ከተሰማ ይተዋል። ሲጠጣም በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ጠብ ማድረግ ሳይሆን፣ ውኃው በሥሩ ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ በደንብ አጠጥቶ፣ የወጣውን መድፋት ነው። በበጋ ደረቅ ወራት ይህ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ግን ሰማዩ ደመና፣ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ እንደ ሚያዝያ የሚያጠጣ ሰው ሥሩን ያበሰብሳል።

በቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲኖር ሌላ ችግር ይመጣል። እናት ጧት ታጠጣለች፤ ሠራተኛዋ ቀትር ላይ፤ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በኩባያ የተረፈውን ያፈስበታል። ሁሉም በቅንነት ነው የሚያደርገው፤ ተክሉ ግን ይሰምጣል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ። በተለይ ለአንድ ልጅ ቢሰጥ፣ ጣቱን አስገብቶ አፈሩን መርምሮ «ዛሬ አያስፈልገውም» ብሎ መመለስን ይማራል፤ ይህም ከማጠጣቱ የማያንስ ትምህርት ነው።

የቅጠሉ ጫፍ ሲደርቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ድራሴና ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ማየቱ አይቀርም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አፈሩ ከልክ በላይ ደርቆ መቆየቱ፣ የቤቱ አየር መድረቁ፣ ወይም ማዳበሪያ በዝቶ ጨው በአፈሩ መከማቸቱ ነው። ነገር ግን ይህ ተክል ከብዙዎቹ የቤት ተክሎች ይልቅ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ፍሎራይድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥሩ ውኃ ሲስብ በውኃው ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ አብሮ ይስባል። ውኃው በግንዱ ወጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ተን ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ፍሎራይዱ ግን መትነን ስለማይችል ውኃው በመጨረሻ በሚደርስበት ስፍራ፣ ማለት በቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ላይ ይቀራል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያለ ይከማቻል፤ መጠኑ ሲበዛ ያንን የቅጠል ክፍል ይገድለዋል። የሞተው ጫፍ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። በመቀስ የቅጠሉን ቅርጽ ተከትሎ መከርከም ይቻላል፤ ሲከረከም ግን ከደረቀው ጥቂት ማስቀረት ነው፤ ለምለሙ ከተቆረጠ እንደ ገና ይደርቃልና።

ለመከላከል የሚጠቅመው በመጀመሪያ ውኃውን መለወጥ ነው። የዝናም ውኃ ከፍሎራይድ የነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ በክረምት ከንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመ ውኃ ለድራሴና እጅግ ይስማማዋል። ሁለተኛ፣ «ሱፐር ፎስፌት» የተባለው ማዳበሪያ ፍሎራይድ ስላለበት ለዚህ ተክል አለመጨመር ነው፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብስባሽ ከላይ መነስነስ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ አፈሩ አሲድነት ሲበዛበት ፍሎራይዱን ሥሩ በቀላሉ ይስበዋልና እጅግ አሲዳማ በሆነ አፈር አለመትከል ነው።

አንዳንድ ሰዎች የቧንቧ ውኃ በባልዲ ቀድተው ሲያድር ይጠራል ይላሉ። ይህ ለክሎሪን ሽታ እውነት ነው፤ ክሎሪን ወደ አየር ይወጣልና። ፍሎራይድ ግን በማሳደር አይወጣም። በማፍላትም አይወጣም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ በቀረው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን ከፍ ይላል።

በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር እንናገር። በዚያ በብዙ ከተሞች ለጥርስ ጤና ሲባል በቧንቧ ውኃ ላይ ፍሎራይድ ሲጨመር ቆይቷል፤ ይህም ከ1945 ጀምሮ ነው። በ2015 የተመከረው መጠን በአንድ ሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። ይህ ጥቂት መጠን እንኳ የድራሴናን ጫፍ በጊዜ ብዛት ሊያደርቅ ይችላል፤ ስለዚህ በዚያ ያላችሁ ተክላችሁ ጫፉ ሲደርቅ በውኃ እጦት ነው ብላችሁ አታብዙበት።

ከተክሉ ወደ ልጆቻችን

ከዚህ በላይ ያልነውን ወደ ራሳችን አገር ስንመልሰው ነገሩ ይከብዳል። የስምጥ ሸለቆ መሬት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ስለ ሆነ የከርሰ ምድሩ ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት ከተመረመሩት ልጆች መካከል ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ጥርሳቸው በዚህ ምክንያት የበለዘ ሆኖ ተገኝቷል። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢም ለብዙ ዓመታት ይህን ውኃ የጠጡ ሰዎች አጥንታቸው ጭምር ተጎድቶ ታይቷል።

ጥርስ የሚበልዘው ልጁ አፉን ስላልታጠበ አይደለም። ቋሚው ጥርስ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ይኸውም እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ገደማ፣ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲወጣ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከወጣ በኋላ በመፋቂያም ሆነ በጥርስ ሳሙና አይነጻም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ በንጽሕና ጉድለት መውቀስ፣ ጓደኞቹም ሲስቁበት ዝም ብሎ ማየት በደል ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የድራሴና ጫፍ መድረቅ የውኃ ምርመራ አይደለም። ከላይ እንደ ተናገርነው ሌላም ምክንያት ሊያደርቀው ይችላል፤ ደግሞም ተክሉን የሚጎዳው መጠን ሰውን ከሚጎዳው ያነሰ ነው። ከግድብ በሚመጣ ውኃ፣ ለምሳሌ ከገፈርሳና ከለገዳዲ በሚጠጣ ቤት፣ ፍሎራይዱ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ጫፉ ቢደርቅ አስቀድሞ ድርቀቱንና ማዳበሪያውን መመርመር ይገባል። ዳሩ ግን በስምጥ ሸለቆ ከተማ ወይም መንደር የሚኖር፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚጠጣ ቤተ ሰብ፣ ተክሉን በደንብ እየያዘ ጫፉ ሁሉ ሲደርቅበት ቢያይ፣ «የምንጠጣው ውኃ ፍሎራይዱ ተለክቷል ወይ?» ብሎ የከተማውን የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባዋል። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውምና በዐይንና በምላስ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

መጠኑ ከፍ ብሎ ቢገኝ መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ሌላ ምንጭ መጠጣት ነው፤ ሁሉን መለወጥ ባይቻል እንኳ ለሕፃናትና ለእርጉዝ ሴቶች የሚሆነውን አስቀድሞ መለየት ይቻላል። ውኃውን በተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ማጣራት፣ ወይም በሸብና በኖራ ማጥራት በአገራችን በሥራ ላይ የዋሉ ዘዴዎች ናቸው፤ ነገር ግን መጠኑን በሚያውቅ ባለ ሙያ መሪነት እንጂ በግምት የሚሠሩ አይደሉም።

አየርን ያጠራል ስለሚባለው ነገር

ስለ ቤት ተክሎች በየጊዜው የሚነገር አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም የቤቱን አየር ከመርዝ ያጠራሉ የሚል ነው። መነሻው በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት (ናሳ) ያወጣው ጥናት ነው፤ ድራሴናም ከተመረመሩት ተክሎች አንዱ ነበር። ነገር ግን ያ ምርመራ የተደረገው በታሸገ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። በ2019 በአሜሪካ የድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ብዙ ጥናቶችን አመዛዝነው እንዳሳዩት፣ ተክሎች በአንድ ቤት ውስጥ ከተራ የአየር መዘዋወር ጋር እኩል ሥራ እንዲሠሩ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልግ ነበር። ይህ ሳሎን ሳይሆን ጫካ ነው።

ይህን የምንናገረው ተክሉን ለመንቀፍ ሳይሆን ሕይወትን ለመጠበቅ ነው። በብርድ ወራት ከሰል አንድዶ መስኮትና በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። «ተክል አለን፤ አየሩን ያጠራዋል» ብሎ የሚታመን ቤተ ሰብ ቢኖር ፈጽሞ ተሳስቷል፤ አንድ ድራሴና ቀርቶ ዐሥርም ቢሆኑ ከዚህ ጋዝ አያድኑም። የከሰል ማንደጃ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሳይዘገይም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በአንጻሩ ደግሞ «ተክል በሌሊት አየር ይሻማል፤ መኝታ ቤት ከገባ ሰው ይገድላል» የሚሉ አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ተክል በሌሊት እንደሚተነፍስ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን በአንድ አልጋ አብሮ ከሚተኛ ወንድም እስትንፋስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ስለ ሕፃናትና ስለ ቤት እንስሳት

ድራሴና ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ድመትና ውሻ ሲበሉት ያስመልሳቸዋል። ሕፃን ቅጠሉን ቢያኝክ ሆዱን ሊያመው ይችላልና ከሚድኽ ልጅ ማራቅ ይገባል። ይሁንና ከእርሱ ጋር በአንድ ስፍራ የሚሸጥ «ዲፈንባኪያ» የተባለ ተክል አለ፤ እርሱ የበለጠ ያሠጋል። የዲፈንባኪያ ቅጠል ሰፊና ሞላላ ነው፤ በላዩም ነጭ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። የድራሴና ቅጠል ግን እንደ በቆሎ ረጅም ነው። በዲፈንባኪያ ውስጥ ዐይን የማያያቸው እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ፣ ያኘከው ሕፃን አፉና ምላሱ ያቃጥለዋል፤ ያብጣልም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በአፉ የቀረውን ማውጣት፣ አፉን በውኃ መጥረግ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት ዲፈንባኪያን ባያስገባ ይሻለዋል።

ንጽሕናው፣ ተባዩና አበዛዙ

በቤታችን ዕጣን ይጤሳል፤ ቡና ይቆላል፤ በበጋም አቧራ ይገባል። ይህ ሁሉ በሰፊው ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ብርሃንንም ይከለክለዋል። ስለዚህ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቅጠሉን በአንድ እጅ ከሥር ደግፎ፣ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ከግንዱ ወደ ጫፉ መጥረግ ነው። እንዲያበራ ተብሎ ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት አይገባም፤ አቧራ ይስባል።

ሲጠረግም የቅጠሉን ጀርባና ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መመልከት ነው። እንደ ጥጥ የነጣ ነገር ከታየ ተባይ ነው፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ይጠረጋል። ቅርፊት የመሰለ ቡናማ ነገር ተጣብቆ ከተገኘ በጥፍር ተፍቆ በሳሙና ውኃ ይታጠባል። ቀጭን ድር የሚታይ ከሆነ ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባዮች ናቸው፤ ቅጠሉን በውኃ ደጋግሞ ማጠብ ይቀንሳቸዋል። ተባይ የያዘው ተክል እስኪድን ድረስ ከሌሎቹ ይለይ። ከሥር ያለው አንድ ቅጠል ብቻ ቢጫ ቢሆን ግን አያስጨንቅም፤ አርጅቶ ነው። ብዙ ቅጠል በአንድነት ቢጫ ሆኖ ግንዱም ከለሰለሰ ሥሩ በስብሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጠንካራ ሆኖ የቀረውን የግንድ ክፍል ቆርጦ እንደ ገና መትከል እንጂ ማጠጣት አያድነውም።

አበዛዙም ቀላል ነው። ተክሉ እጅግ ሲረዝም ግንዱ በሚፈለገው ቁመት ይቆረጣል፤ ከተቆረጠው በታች አዲስ ቅጠሎች ያወጣል። የተቆረጠው ግንድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር እየተደረገ ይከፈላል፤ ወደ ላይ የነበረው ወደ ላይ ሆኖ በአሸዋማ አፈር ይተከላል። አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ ሳይሆን በሞቃት ስፍራ ከቆየ በአንድ ወይም በሁለት ወር ሥር ይሰዳል። በዚህ መንገድ ከአንድ ተክል ሦስትና አራት ይገኛል፤ ለጎረቤት፣ ለክርስትና ልጅ፣ አዲስ ቤት ለገባ ዘመድ ስጦታ ይሆናል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን ተክል በቤታችሁ ያላችሁ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ እናሳስባለን። የመትከያው ዕቃ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው ተመልከቱ። ማጠጣቱን ለአንድ ሰው ስጡ፤ ጣቱን ሳያስገባም እንዳያጠጣ አስተምሩት። በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ ደግሞ የቅጠሉ ጫፍ ቢደርቅም ባይደርቅም፣ ልጆቻችሁ የሚጠጡት ውኃ ፍሎራይዱ ስንት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ካልተለካም እንዲለካ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ አመልክቱ። የደረቀ ቅጠል በመቀስ ይከረከማል፤ በሚቀጥለውም ክረምት ሌላ ይወጣል። የልጅ ቋሚ ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቅለው።